ከፍተኛ የደም ግፊት፦ ሕመም ለማይሰማው ሕመምተኛ የሚሰጥ ሕክምና

ከፍተኛ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን የሚጎዳ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች መካከል ከመቶ 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት የተገኘባቸው ሲሆን፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ መድኃኒት የማይወስዱ ነበሩ። ስለዚህ በይርጋ ጨፌ ወረዳ እንደ አሪቻ ባለ የቡና ቀበሌ ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ የሚሠራ ገበሬ በዚህ በሽታ አይያዝም ብሎ ሳይለኩ ማሳለፍ ስሕተት ነው።

የልኬት ጥንቃቄ

ተመርማሪው ዳገት ወጥቶ ወይም ቡና ጠጥቶ እንደደረሰ ቢለካ ውጤቱ ያሳስታል። ከቡናና ከትምባሆ 30 ደቂቃ ያህል ከተቆጠበ በኋላ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን መሬት አስነክቶ 5 ደቂቃ ይረፍ። ክንዱ በልብ ትክክል ይሁን። ለክንዱ የጠበበ መጠቅለያ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው አለ ይባላል። ግፊቱ 180/110ና ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአካል መስነፍ ወይም የንቃተ ኅሊና መዛባት ከታየ ሕመምተኛው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይላክ።

ሕክምናና ክትትል

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲጠቀም ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ቡና በጨው በሚጠጣበት ቤት የሲኒው ጨው ጭምር መቆጠር አለበት። ከመድኃኒቶች መካከል አምሎዲፒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ኢናላፕሪል ይገኙበታል፤ ኢናላፕሪል ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ዋናው ችግር መድኃኒቱን ማቋረጥ ነው። ሕመምተኛው «ተሽሎኛል» ብሎ ሲያቆም ግፊቱ ይመለሳል፤ ውጤቱም በድንገት የሚመጣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። በቡና ለቀማ ወራት ቀጠሮ መቅረት የሚጠበቅ በመሆኑ፣ ግፊቱ ለተስተካከለለት ሰው ከለቀማው በፊት የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት መስጠት፣ የቀረውንም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አማካይነት መፈለግ ያስፈልጋል። ሕመምተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ሊረዳው የሚገባው ቁም ነገር መድኃኒቱ የሚወሰደው ሕመም ስለተሰማ ሳይሆን፣ ጉዳት እንዳይደርስ መሆኑን ነው።