ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ

ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በእጅ ምልክት የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። የተጨበጠ እጅ ድንጋይ፣ የተዘረጋ መዳፍ ወረቀት፣ የተዘረጉ ሁለት ጣቶች ደግሞ መቀስ ናቸው። ድንጋይ መቀስን ይሰብራል፣ መቀስ ወረቀትን ይቆርጣል፣ ወረቀት ድንጋይን ይጠቀልላል። ተመሳሳይ ምልክት ከወጣ አቻ ነው። የጨዋታው መነሻ ቻይና ሲሆን የዛሬ መልኩን የያዘው በጃፓን ነው። ሳንቲም ወርውሮ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ከማለት የሚለየው ተጫዋቹ ራሱ ስለሚመርጥ ነው።

ስልት

እያንዳንዱ ምልክት አንዱን ያሸንፋል፣ በሌላው ይሸነፋል፤ ስለዚህ የተሻለ የሚባል ምልክት የለም። በገበጣ የተጋጣሚን ጠጠር ቆጥሮ ማሰብ ይቻላል፤ እዚህ ግን ሁለቱም እኩል ስለሚያወጡ የሚቆጠር ነገር የለም። ሁልጊዜ ድንጋይ የሚያወጣ ሰው ብዙም ሳይቆይ ወረቀት ይጠብቀዋል። ሦስቱንም ያለ ሥርዓት፣ እያንዳንዱን በ1/3 ዕድል የሚያወጣ ሰው ግን ተጋጣሚው ምንም ቢያደርግ የማሸነፍ፣ የመሸነፍና አቻ የመውጣት ዕድሉ እኩል 1/3 ነው። ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1928 የአንዱ ትርፍ የሌላው ኪሳራ በሆነባቸው የሁለት ሰው ጨዋታዎች እንዲህ ያለ አስተማማኝ ስልት እንዳለ አረጋግጧል። ጉድለቱ፣ ደካማ ተጋጣሚ ቢገኝም ከዚህ የበለጠ አያስገኝም።

ሰው ግን ያለ ሥርዓት መምረጥ ይከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የቻይና ጥናት 360 ተማሪዎችን 300 ዙር አጫውቶ፣ ያሸነፈ ሰው ያንኑ ምልክት የመድገም፣ የተሸነፈ ደግሞ የመቀየር ዝንባሌ እንዳለው አሳይቷል። በድንጋይ ያሸነፈን ተጋጣሚ በቀጣዩ ዙር በወረቀት መጠበቅ የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ እሱም ይህን ካላወቀ በቀር።

ብዙ ሰዎች ሲጫወቱ

አምስት ጓደኛሞች ከጂንካ የቅዳሜ ገበያ ሙዝ የሚገዛውን ለመምረጥ ይጫወታሉ እንበል። አሸናፊና ተሸናፊ የሚለየው በትክክል ሁለት ዓይነት ምልክት ሲወጣ ብቻ ነው፤ ሦስቱም ወይም አንዱ ብቻ ከወጣ ይደገማል። ከ3×3×3×3×3=243 አወጣጦች የሚለዩት 3×(32−2)=90 ናቸው፣ 37% ያህል። በአሥር ሰው ይህ ወደ 5% ይወርድና በአማካይ 19 ዙር ያህል ያስጠብቃል። ከዚያ በኋላም ተሸናፊዎቹ ብዙ ከሆኑ ገና እርስ በርስ ይጫወታሉ።

ለአምስት ሰው በአንድ ዙር የሚያልቅ መንገድ አለ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሁሉም እኩል ከ0 እስከ 4 ጣት ያወጣሉ፤ ድምሩ ለ5 ተካፍሎ ቀሪው የሚሄደውን ያሳያል። ድምሩ 13 ከሆነ ቀሪው 3 ነውና ባለ 3 ቁጥሩ ይሄዳል። የሌሎቹን ሳያይ ጣቱን በእኩል ዕድል የሚያወጣ አንድ ሰው ብቻ እንኳ ካለ፣ ሌሎቹ አራቱ ቢመካከሩም ዕጣው አይዛባም።