ጠባይ፣ ማዕድና መጠይቅ

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ቢሾፍቱ ውስጥ አንዲት ወጣት «ባለፉት 28 ቀናት ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ እህል ሳትቀምሺ የዋልሽበት ቀን አለ?» ተብላ ብትጠየቅ፣ መልሷ ከአፏ ሳይወጣ ይታወቃል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥታ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፤ ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር ሁሉም ቀን እንዲያው ነው። ጥያቄው በወጣበት የአመጋገብ መዛባት መጠይቅ ላይ ግን ይህ መልስ የሕመም ምልክት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል።

መጠይቁ የተሠራው እንግሊዝ አገር ነው። የኦክስፎርዱ ሳይካትሪስት ክሪስቶፈር ፌርበርን ከሳራ ቤግሊን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1994 አወጣው፤ ዛሬ የአመጋገብ መዛባትን የሚያጠኑ ሰዎች በብዙ አገር ይገለገሉበታል። ጥያቄው በሙሉ ሲነበብ «ክብደትሽን ወይም የሰውነትሽን ቅርፅ ለመለወጥ ብለሽ» የሚል ሐረግ አለው። ጾመኛዋን ከታማሚዋ የሚለያት ይህ ሐረግ ነው፤ ጠያቂው ተቻኩሎ ከዘለለው አገር ምድሩ ታማሚ ሆኖ ያርፋል። ሌላው ጥያቄ ደግሞ «ስትበዪ ሰው እንዳያይሽ ትሰጊያለሽ ወይ?» የሚል ነው። ዓይን ፈርታ ምግቧን የምትከልል፣ የልጇን ጡጦ በነጠላ የምትሸፍን እናት «አዎ» ትላለች። ሐኪሙ የጠየቀው ስለ ሰውነቷ ማፈሯን ነው፤ እሷ የመለሰችው ስለ ቡዳ ነው።

እንዲህ ያለውን ውል አልባ ነገር መፍታት የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ተመራማሪ ሥራ ነው። ይህ ባለሙያ መድኃኒት አያዝም፤ ያደምጣል፣ ጠባይንና ስሜትን ይለካል፣ በንግግር ያክማል። ሙያው በአገራችን ገና ለጋ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይካትሪስቶችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው እንኳ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ነበር። ቢሾፍቱ ውስጥ ልጁ ምግብ እንቢ ያለበት ቤተሰብ ከሐኪም ቤት በፊት ወደ ጠበል ወይም ወደ ጸሎት ቤት ቢሄድ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ቅርብ ያለው እሱ ነው።

ጠባይና ማዕድ ከሚገናኙባቸው ቦታዎች አንዱ የስብዕና መዛባት ነው። መዛባት ሲባል ክፋት ወይም ባለጌነት ማለት አይደለም። ከወጣትነት ጀምሮ ሥር የሰደደ፣ ራስንም ሰውንም የሚጎዳ የስሜትና የግንኙነት አኳኋን ነው። ቦርደርላይን የሚሉት ዓይነት ያለበት ሰው ስሜቱ በትንሽ ነገር ይነድዳል፣ ለመብረድም ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። ይተዉኛል ብሎ ይሰጋል፤ ሲጨንቀው መላ ያጣና እጁ የገባውን ማስታገሻ ይይዛል። ለአንዱ መጠጥ ነው፣ ለሌላው ራስን መቁረጥ፣ ለሌላው ደግሞ ሆድ እስኪያም መብላት። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች የምርመራ መመሪያም ያለ ልክ መብላትን ከዚህ መዛባት ምልክቶች ምሳሌዎች አንዱ አድርጎ ይጠቅሰዋል።

የሲያትሏ ሳይኮሎጂስት ማርሻ ሊነሃን ለእነዚህ ሰዎች ሕክምና ቀየሰችና የመጀመሪያውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1991 አሳተመች። ሐሳቧን ሲነግሩት ቀላል ይመስላል፦ ስሜቱ ከተወለደ ጀምሮ ስስ የሆነ ልጅ፣ «ምን ሆንክና ታለቅሳለህ» እየተባለ ካደገ ስሜቱን መግራት አይማርም፤ ስለዚህ አድጎም ቢሆን ይማር። ታካሚው በሳምንት አንድ ቀን ከባለሙያው ጋር ብቻውን፣ ሌላ ቀን ከብጤዎቹ ጋር ተቀምጦ ጭንቀት ሲመጣ እንዴት እንደሚያሳልፈው ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሕክምና ያለ ልክ ለሚበሉና በልተው ለሚያስመልሱ ሴቶች አሻሽለው ሞከሩት፤ ብዙዎቹ ተሻላቸው። ሊነሃን በወጣትነቷ ራሷ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር በአደባባይ የተናገረችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እኔ ይህን ንግግሯን ከጥናቶቿ አሳንሼ አላየውም።

ነገር ግን ጠባይ ማዕድን እንደሚያዛባ ሁሉ የማዕድ መጉደልም ጠባይን ያዛባል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ 36 ወንዶችን ለ24 ሳምንታት በግማሽ ቀለብ አቆያቸው። በጤንነታቸውና በአእምሯቸው እርጋታ ተመርጠው የገቡ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ጥቂት ወራት ሳይሞላቸው ነገረኞች ሆኑ፣ ከሰው ሸሹ፣ ሌት ተቀን ስለ ምግብ አሰቡ፣ የወጥ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ አነበቡ፣ ሳህን ላሱ። ረሃቡ ካበቃ በኋላም አንዳንዶቹ ጠግበው መብላት ማቆም አቃታቸው። ያኔ አንድ ባለሙያ መጥቶ ስብዕናቸውን ቢለካ ምን ብሎ ይጽፍ ነበር?

ይህ ጥያቄ ለእኛ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ምዕራብ በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ከበደ ቲርፌሳና ባልደረቦቹ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱን አሳትመዋል፤ ከባድ የምግብ እጦት በእነዚህ ሰዎች ቤት ከሌላው ጎረቤት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። የታመመ ሰው ማረስና መነገድ ያቅተዋል፤ ቤቱ ይጎድላል፤ ረሃቡ ደግሞ ተመልሶ ሕመሙን ያባብሰዋል። የአድአ ጤፍ በስሙ በሚታወቅበት በቢሾፍቱ ዙሪያም ገበያ ወጥቶ ዋጋ ጠይቆ የሚመለስ ሰው አለ። የእሱን ብስጭት የስብዕና መዛባት ብሎ መጻፍ በደል ነው።

የጾሙ ነገር ደግሞ ሁለት ወገን አለው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የጾም ቀናት ሁሉ ሲደመሩ በዓመት ወደ 250 ይጠጋሉ፤ ሙስሊሙም ረመዳን አለው። ይህ ሁሉ ጤነኛ ሰው ከማኅበሩ ጋር የሚጾመው፣ ከማኅበሩም ጋር የሚፈታው ነው። ሆኖም ሕመም በጾም ሊከለል ይችላል። ጣሊያናዊቷ ካተሪና ዘሲዬና ብዪ እያሏት አልበላ ብላ እ.ኤ.አ. በ1380 በ33 ዓመቷ ሞተች፤ የታሪክ ጸሐፊው ሩዶልፍ ቤል እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው መጽሐፉ የእሷን ጾም ዛሬ አኖሬክሲያ ከምንለው ሕመም ጋር አነጻጽሮታል። እኛ ጋ መለያው ፋሲካ ይመስለኛል። ሌላው ሲገድፍ እሷ ምክንያት ፈልጋ የማትገድፍ፣ የንስሐ አባቷ «ታመሻልና ብዪ» ሲሏት የማትታዘዝ፣ ጉርሻ ሲመጣባት እንባ የሚቀድማት ልጅ ካለች፣ ነገሩ ከጾም ወጥቷል።

«ሞላ ብለሽ አማረብሽ» የሚለው ምርቃት በእናቶቻችን ዘንድ አሁንም ሕያው ነው። ግን ከባቦጋያና ከኩሪፍቱ ሐይቆች ዳርቻ ሆቴሎች የሚወጣው የሠርግ ፎቶ በስልክ ሲዞር ሌላ መልክ ያስተምራል። ተመራማሪዋ አን ቤከር በፊጂ እንዳየችው፣ ወፍራም ሰውነት በሚወደስበት አካባቢ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1995 ገባ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከተጠየቁት ልጃገረዶች 11.3 በመቶው ክብደት ለመቀነስ ሲሉ እንደሚያስመልሱ ተናገሩ። ቀደም ሲል እንዲህ ያለች አንዲት እንኳ አልነበረችም።

ስለዚህ ቢሾፍቱ ላይ ይህን ሥራ የሚጀምር ተመራማሪ የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ቢቀይር እላለሁ። መጀመሪያ ባለፈው ወር ቤት ውስጥ እህል ጎድሎ እንደነበር ይጠይቅ። ቀጥሎ የትኛው ጾም ላይ እንዳሉ፣ ማን እንዳዘዛቸውና መቼ እንደሚገድፉ። ከዚያ ስለ ሰውነታቸው ምን እንደሚያስቡ። ይህን ሁሉ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ሳይቸኩል። የስብዕናው መለኪያ በመጨረሻ ይምጣ፤ ክብደቱ ወርዶ ለተገኘ ሰው ደግሞ ካገገመ በኋላ እንደገና ይለካ፤ የመጀመሪያው መልስ የረሃቡ ሊሆን ይችላልና።