የጓሮ ዛፍ ለመግረዝ ሠራተኛ ስለ መቅጠር

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በሲዳማ፣ በወላይታ፣ በጅማና በሌሎችም የወይና ደጋ አካባቢዎች የገበሬው ጓሮ ያለ ዛፍ አይገኝም። አቮካዶ ለምግብና ለገበያ፣ ዋንዛና ግራቪሊያ ለቡና ጥላ፣ ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ይተከላሉ። ዛፉ ትንሽ ሳለ ባለቤቱ ራሱ በመጋዝ ሊንከባከበው ይችላል። ይሁን እንጂ ከዘር የበቀለ አቮካዶ ሳይገረዝ ከቆየ እስከ 20 ሜትር ሊረዝም ይችላል። በዚህ ጊዜ ፍሬው እጅ ከማይደርስበት ይሆናል፤ ቅርንጫፉም በቆርቆሮው ላይ ይንጠለጠላል። ባለቤቱ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው መፈለግ ይጀምራል።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ሠራተኛው እንዴት እንደሚመረጥ፣ ውሉ እንዴት እንደሚደረግና ሥራው እንዴት እንደሚፈተሽ ነው። አሥራ አምስት ዓመት የፈጀ ዛፍ በግማሽ ቀን ሊበላሽ ይችላል። ከዚህም በላይ ሠራተኛው ከዛፍ ቢወድቅ የሚጎዳው የሰው ሕይወት ነው።

1. ክፍያው በእንጨት መሆን የለበትም

ባለቤቱ ጥሬ ገንዘብ ሲያጥረው «የምትቆርጠውን እንጨት ውሰድና ሥራልኝ» ብሎ መስማማቱ የተለመደ ነው። ለጊዜው ወጪ የሌለው ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ስምምነት የሠራተኛው ጥቅም ከዛፉ ጥቅም ጋር ይጋጫል። ለዛፉ የሚበጀው የደረቀውን፣ የታመመውንና የተጣበበውን ቀጭን ቅርንጫፍ ማስወገድ ነው። ለሠራተኛው የሚከፍለው ግን ወፍራሙና ጤነኛው ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ ሰውየው ክፉ ባይሆንም ከሚገባው በላይ ይቆርጣል።

ስለዚህ ክፍያው ለሥራው በቁርጥ ወይም በቀን ሒሳብ በገንዘብ መሆን ይገባዋል። እንጨቱ የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱ ከፈለገ ሥራው ተፈትሾ ካለቀ በኋላ እንጨቱን ለሠራተኛው ወይም ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል።

2. ከመቅጠር በፊት

ዛፍ መጣልና ዛፍ መግረዝ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ከሥር ቢቆረጥም ይተካል። ይህን የለመደ ሰው አቮካዶውንም እንደዚያው ሊያየው ይችላል። ጽድ ደግሞ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት ላይ ከተቆረጠ መልሶ አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ሠራተኛው የሚከተሉት ይጠየቁ፦

ሀ. ቀደም ሲል የሠራው ዛፍ የት ይገኛል? አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሞላውን ሥራ ሄዶ ማየት ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል።

ለ. የትኛውን ቅርንጫፍ ይቆርጣል? ለምንስ? «ጫፉን በሙሉ አወርደዋለሁ» የሚል መልስ የሰጠ ሰው አይቀጠር። ጫፉ የተቆረጠ ዛፍ ብዙ ቀጫጭን ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያው በደንብ ስለማይያዝ በነፋስ ይገነጠላል፤ ቁስሉም ይበሰብሳል። አቮካዶ የሚያፈራው በቅርንጫፍ ጫፍ ስለሆነ ምርቱም ይቋረጣል።

ሐ. ዛፉ ላይ እንዴት ይወጣል? መሰላልና ጠንካራ ገመድ ሊኖረው ይገባል። ግንዱን በመጥረቢያ እየፈለጠ መርገጫ የሚሠራ ሰው ዛፉን ለበሽታ ያጋልጠዋል።

መ. መጋዙ የተሳለ ነው? ከታመመ ዛፍ ወደ ጤነኛ ከመሻገሩ በፊት መሣሪያውን ያጸዳል? አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበጥብጦ መጋዙ ይታጠብበታል፤ ከዚያም እንዳይዝግ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ዘይት ይቀባል።

የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚነካ ወይም የተጠጋ ዛፍ ለማንም የቀን ሠራተኛ አይሰጥም። መስመሩን ለሚያስተዳድረው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከት ግዴታ ነው። እንደ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ያሉ አገር በቀል ዛፎችን ለመጣል ሲታሰብም አስቀድሞ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

3. ውሉ

ውሉ አንድ ገጽ ቢሆን በቂ ነው፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። የሚቆረጡት ቅርንጫፎች፣ የሥራው ቀን፣ ዋጋው፣ እንጨቱና ቅጠሉ የት እንደሚከመር፣ ጣሪያ ወይም አጥር ቢሰበር ማን እንደሚጠግን፣ ሠራተኛው ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው ይጻፍበት። ዋጋው ከመከፈሉ በፊት ሥራው መፈተሽ እንዳለበትም ይጠቀስ።

ክርክር እንዳይነሣ የሚቆረጡት ቅርንጫፎች ሠራተኛው ባለበት በኖራ ምልክት ይደረግባቸው። በአንድ ጊዜ ከዛፉ ቅጠላማ ክፍል ከአራት አንድ እጅ በላይ መወሰድ የለበትም። በጣም የረዘመ አቮካዶ ማሳጠር ካስፈለገ ሥራው ለሦስት ዓመት ተከፍሎ በየዓመቱ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ይቆረጥ። በዚህ ዓይነት ቤተሰቡ በየዓመቱ የሚለቅመው ፍሬ አያጣም።

4. በሥራው ቀን

የፍራፍሬ ዛፍ የሚገረዘው ምርቱ ከተለቀመ በኋላ በደረቅ ቀን ነው። የቡና ጥላ ዛፍ ደግሞ የቡናው ለቀማ ካለቀ በኋላና ቡናው ከማበቡ በፊት ይሠራል፤ ካለዚያ የሚወድቀው ቅርንጫፍ አበባውን ያረግፋል።

ሕፃናትና ከብቶች ከአካባቢው ይራቁ። ዛፉ የሚጣል ከሆነ ማንም ሰው የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ርቆ ይቁም። በዝናብና በኃይለኛ ነፋስ ሥራው ይቋረጥ።

ወፍራም ቅርንጫፍ በሦስት ቆረጣ ይወርዳል። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከበታች በኩል የውፍረቱ ሲሶ ይቆረጣል። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ ቅርንጫፉ ይወድቃል። በመጨረሻ የቀረው ጉቶ ይወገዳል። የመጀመሪያው ቆረጣ ከተዘለለ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ገሽልጦ ይወርዳል።

5. ሥራውን መፈተሽ

ቅርንጫፍ ከግንድ በሚገናኝበት ቦታ እንደ ቀለበት ያበጠ አንገት አለ። ቁስሉን የሚሸፍነው አዲስ ቅርፊት የሚነሣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ቆረጣው ከአንገቱ ውጭ በኩል ተጠግቶ መሆን ይገባዋል። ረዥም ጉቶ ከቀረ ይበሰብሳል፤ አንገቱ ከግንዱ ጋር ተላጭቶ ከተወሰደ ደግሞ ቁስሉ አይድንም። ቅርፊት የተገሸለጠ መሆኑም ይታይ።

ቁስሉን ቀለም፣ ሬንጅ ወይም እበት መቀባት አያስፈልግም። ቀድሞ በጥላ ሥር የነበረ የአቮካዶ ግንድ ግን በድንገት ለፀሐይ ሲጋለጥ ቅርፊቱ ይቃጠላል። ይህን ለመከላከል ግንዱና የተጋለጡት ቅርንጫፎች በውኃ የተበጠበጠ ኖራ ይቀቡ።

6. የማኅበሩና የልማት ሠራተኛው ድርሻ

አንድ ገበሬ ለአንድ ዛፍ ጥሩ ሠራተኛ ከሩቅ ማስመጣት ይከብደዋል። ማኅበሩ ግን የአባላቱን ጥያቄ መዝግቦ በአንድ ሳምንት የብዙ ጓሮ ሥራ ቢያዘጋጅ ዋጋው ይቀንሳል፤ ሠራተኛውም በእንጨት ፈንታ በገንዘብ መሥራትን ይመርጣል። ማኅበሩ ገመድ፣ መሰላልና ሁለት ጥሩ መጋዞች በጋራ ገዝቶ ቢያስቀምጥ ከቀበሌው ወጣቶች መካከል ሁለት ሦስቱ ሙያውን ተምረው ሊተዳደሩበት ይችላሉ።

የልማት ሠራተኛው ድርሻ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቅርንጫፎቹን ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ምልክት ማድረግ፣ ሲያልቅም ከክፍያ በፊት መፈተሽ ነው። ለአንድ ዛፍ ይህ ከአንድ ሰዓት የበለጠ አይወስድም። በዓመቱ ወደ ዛፉ ተመልሶ አዲሱ ቅርፊት ቁስሉን መክበብ አለመክበቡን ይመልከት። የከበበ ከሆነ ያው ሠራተኛ ለሌሎች አባላት ይመከር፤ ካልከበበ ግን ሌላ ሠራተኛ ይፈለግ።