ረሃብ የትኛውን ማስጠንቀቂያ ጸጥ ያሰኛል?

የተራበች አይጥ ከጉድጓዷ ወጥታ ወደ ገላጣው ስትዘልቅ «ደፈረች» ይባላል። እኔ በዚህ ቃል አልስማማም። በሃይፖታላመስ ውስጥ ኤጂአርፒ የተሰኙ የነርቭ ሴሎች በረሃብ ጊዜ ይነቃቃሉ፤ ተመራማሪዎች በብርሃን ሲቀሰቅሷቸው የጠገበች አይጥ እንኳ ትበላለች። ታዲያ ረሃብ ማስጠንቀቂያውን ሁሉ ጸጥ ያሰኛልን? ሕመምን በአብነት እንውሰድ። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ረሃብ ከእብጠት የሚመነጨውን ሰንባች ሕመም ሲያደበዝዝ ድንገተኛውን ሕመም ግን አልነካውም። ያበጠ እግር ምግብ እስኪገኝ ሊቆይ ይችላል፤ እሳት የነካው እግር ግን ለቅጽበት እንኳ አይታገሥም። ይህ፣ በእኔ አስተያየት፣ ድፍረት ሳይሆን ምርጫ ነው። የማፈኛው መንገድ ከእነዚሁ ሴሎች ተነሥቶ በአንጎል ግንድ ወደሚገኘው ፓራብራኪያል ኒውክሊየስ ይዘልቃል፤ መንገዱ ሲቀሰቀስም ሰንባቹን ሕመም አፍኖታል።