ቶዳሊያ፦ እሾሃማው የሎሚ ዘመድ

የሎሚ ቤተሰብ ሲነሳ ወደ አእምሯችን የሚመጡት ሎሚ፣ ብርቱካንና ትርንጎ ናቸው። ጤና አዳምና ልምጭም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ከነዚህ ሁሉ ጠባዩ ለየት የሚለው ግን ሳይንስ ቶዳሊያ አሲያቲካ ሲለው የኖረው እሾሃማ ሐረግ ነው። ከአፍሪካ ምሥራቅና ደቡብ አንስቶ በማዳጋስካርና በሕንድ አልፎ እስከ ቻይና ድረስ ይበቅላል። በአገራችንም በደቡብ ምዕራብ እርጥብ ደኖች ውስጥ ይገኛል።

ቶዳሊያን ለመለየት ቅጠሉን ማየትና ማሸት ይበቃል። ቅጠሎቹ ሦስት ሦስት ሆነው ከአንድ አገዳ ላይ ይወጣሉ። አንዱን ቀጥፈው ወደ ብርሃን ቢያነሡት የዘይት ከረጢቶቹ እንደ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይታያሉ፤ ሲያሹት ደግሞ የሎሚ ሽታ ይሰጣል። ፍሬው ክብና ትንሽ ነው፤ ከአንድ ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ሲበስል ብርቱካናማ ይሆናል፤ ጣዕሙ ግን ያቃጥላል። ወፎችና ጦጣዎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በየደኑ ይበትኑታል።

ሰው የሚያማርረው እሾሁን ነው። ይሁንና እሾሁ ከመከላከያነቱ በተጨማሪ የተክሉ መወጣጫ ነው። ቶዳሊያ እንደ ሌሎች ሐረጎች የሚጠመጠምበት ጅማት የለውም። በቅርንጫፎቹ ላይ የተደረደሩት እሾሆች ወደ ኋላ የታጠፉ ስለሆኑ የጎረቤቱን ዛፍ ይዘው አይለቁም። በዚህ መንገድ ከ10 ሜትር በላይ ወጥቶ ብርሃን ያገኛል። ግንዱ ሲያረጅም ቡሽ የመሰሉ ጉብታዎች ያወጣል፤ እሾሆቹ በጉብታዎቹ ጫፍ ላይ ይቀራሉ።

ቶዳሊያ የቢራቢሮ ማሳደጊያም ነው። የሎሚ ቅጠል በመብላት የሚታወቀው ፓፒሊዮ ዴሞዶኩስ የተባለው ቢራቢሮ ትል በዚህ ሐረግ ላይም ያድጋል። ትሉ በለጋነቱ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ቢነኩት ከራሱ ጀርባ ቀንድ መሰል ነገር አውጥቶ ኃይለኛ ሽታ ይለቃል።

የሳይንስ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. ከ1678 እስከ 1693 በአምስተርዳም በታተመው፣ በሕንድ ስላለው የማላባር አካባቢ ዕፅዋት በሚናገረው መጽሐፍ ውስጥ የአካባቢው ሕዝብ በሚጠራበት ስም ካካ ቶዳሊ ተብሎ ተመዘገበ። የዕፅዋት ሊቁ ሊኔየስ በ1753 ፓውሊኒያ አሲያቲካ አለው፤ በኋላ የዕፅዋት ተመራማሪው ላማርክ ቶዳሊያ አሲያቲካ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ተመራማሪዎች ከቻይናው የሲቹዋን በርበሬ ወገን ጋር ደምረው ዛንቶክሲሉም አሲያቲኩም ብለውታል።

ይህን ሐረግ ተፈላጊ ያደረገው በዋናነት ሥሩ ነው። የሥሩ ልጣጭ ውስጡ ቢጫ ስለሆነ ለማቅለሚያ ያገለግላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የሎፔዝ ሥር እየተባለ ለተቅማጥ ይታዘዝ ነበር። በኬንያ የባህል ሐኪሞች ለወባ፣ ለሆድ ሕመምና ለሳል ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናትም ከኬንያ ተክል የተገኘው ኒቲዲን የተባለ ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ የወባን ተሕዋስ አጥብቆ እንደሚያጠቃ አሳይቷል። የቤተ ሙከራ ውጤት ግን ገና መድኃኒት አይደለም፤ መጠኑ ያልታወቀ ሥር ቀቅሎ መጠጣት የጤና ጣቢያን ምርመራና ሕክምና አይተካም።

አደጋው ደግሞ በተክሉም ላይ ነው። ቅጠል ቢቀጠፍ ይተካል፤ ሥሩ ተቆፍሮ የተወሰደ ሐረግ ግን ብዙ ጊዜ አይተርፍም። በቡና ደኖቻችንም ገበሬው ቡናው ብርሃን እንዲያገኝ ሐረጉን ሁሉ ይመነጥራል። ምንጣሮው ምክንያት አለው፤ ሆኖም በደኑ ዳርና በወንዝ አፋፍ ጥቂት ቶዳሊያ ቢቀር ቡናውን አይጎዳም፤ ወፉና ቢራቢሮውም ምግብ ያገኛሉ። ደን ያላችሁ፣ ስትመነጥሩ ጥቂቱን ተዉ፤ መድኃኒት የምትለቅሙም ሥሩን አትጨርሱ።