የጀልባ ሞተር ዘይት ለምን ይነጣል?

የጣና ሐይቅ ሰው ከጥንት ጀምሮ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ይሻገራል፤ ዓሣም ያጠምዳል። ታንኳ የሚሄደው በክንድ ጉልበት ነው። በ1986 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግን በጣና ላይ በሞተር ጀልባ ዓሣ ማጥመድ ተጀመረ። ሞተር ክንድን ያሳርፋል፤ ሩቅም ያደርሳል። ይሁን እንጂ እንደ በሬ ጠባቂ ይፈልጋል። በሬ ሲታመም አይናገርም። ባለቤቱ ግን ከዓይኑና ከአበላሉ ሕመሙን ያውቃል። ሞተርም ሲታመም ምልክት ያሳያል። ዛሬ ከነዚህ ምልክቶች አንዱን እንማራለን።

ዘይቱ ያለው የት ነው?

ከጀልባ ኋላ የሚታሰር ሞተር ላይና ታች አለው። ላይኛው ክፍል ቤንዚን ያቃጥላል። ታችኛው ክፍል ውሃ ውስጥ ይጠልቃል። በዚህ በታችኛው ክፍል ጥርስ ያላቸው ማርሾች አሉ። ማርሾቹ ከላይ በዘንግ የመጣውን ኃይል ተቀብለው ፕሮፔለር ለሚባለው ተሽከርካሪ መቅዘፊያ ይሰጡታል። ማርሾቹና ኩሽኔታዎቹ የሚሠሩት በዘይት ተነክረው ነው። ዘይት ከሌለ ብረት ከብረት ይፋጫል፤ ይግላል፤ ይበላል።

ውሃ እንዴት ይገባል?

ዘንጎቹ በሚወጡበት ቦታ ሁሉ ዘይት እንዳይወጣ፣ ውሃም እንዳይገባ የሚከላከል የጎማ ቀለበት አለ። ጎማው ካረጀ ወይም ከተቆረጠ ውሃ መንገድ ያገኛል።

እስቲ አንድ የምናውቀውን ነገር እናስታውስ። ባዶ የፕላስቲክ ጀሪካን ፀሐይ ላይ ውሎ ክዳኑ ቢጠበቅ፣ ሌሊት ሲበርደው ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። በውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ ነው። የሞተሩም ነገር እንዲሁ ነው። ሲሠራ ይሞቃል። ሥራ አቁሞ ውሃ ውስጥ ሲቆም ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ወደ ውስጥ ይስባል። ጎማው ደካማ ከሆነ ውሃ ይጠጣል ማለት ነው።

ምልክቱን እንዴት እናያለን?

ሞተሩን ቀጥ አድርገን አቁመን እናሳድረው። ጠዋት ከታች ያለውን ብሎን በጥቂቱ እናላላ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ስለዚህ ውሃ ካለ ቀድሞ የሚንጠባጠበው እርሱ ነው። ሞተሩ ሠርቶ ውሃውና ዘይቱ ተመትተው ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ወተት የተጨመረበት ቡና ይመስላል። ይህን ካየን ማርሹና ኩሽኔታው እየዛገ ነው። ዛሬ ካልተጠገነ ነገ ከሐይቁ መካከል ይቆማል። ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ሞተር የሌለው ከባድ ጀልባ ለሕይወት ያሰጋል።

ቀዳዳውን መፈለግ

ብዙ ሰው የነጣውን ዘይት ቀይሮ ዝም ይላል። ይህ የሚያፈስ ጣራ ሳይደፍኑ ወለሉን እንደ መጥረግ ነው። የገባበትን ማግኘት ያስፈልጋል። ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሞተሩ እንዳይነሣ የካንዴላውን ገመድ እንንቀል።

1ኛ. በመጀመሪያ የዘይት ማስገቢያና መተንፈሻ ብሎኖችን እንይ። በሥራቸው ቀጭን ሮንዴላ አለ። ሮንዴላው ካረጀ ወይም ከጠፋ ውሃ ይገባል። ዋጋው ትንሽ ነው። ዘይት በተቀየረ ቁጥር አዲስ ይደረግ።

2ኛ. ፕሮፔለሩን እናውልቅ። የመረብ ክር በዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ጎማውን ይቆርጣል። በዓሣ አጥማጆች ሞተር ላይ ይህ ተደጋጋሚ ችግር ነው።

3ኛ. ድንጋይ የመታው ቦታ ካለ ስንጥቅ እንፈልግ።

4ኛ. ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ችግሩ ከላይ፣ በውሃ ፓምፑ ሥር ወይም በማርሽ መቀየሪያው ዘንግ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው። መካኒኩ ዘይቱን አፍስሶ፣ መለኪያ ባለው የእጅ ፓምፕ ጥቂት አየር ይሞላና ክፍሉን ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። አየር ከበዛ ደህናው ጎማም ስለሚበላሽ በግምት አይሞላም።

አዲስ ዘይት አሞላል

ዘይቱ ለሞተሩ መመሪያ የተስማማ የካምቢዮ ዘይት ይሁን። የሚሞላው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ከታች ሲሞላ አየሩ በላይኛው ቀዳዳ ይወጣል። ዘይቱ ያለ አረፋ ከላይ ሲፈስ መጀመሪያ የላይኛውን፣ ቀጥሎ የታችኛውን ብሎን እንጠብቅ። ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ እንደገና እንይ። ዘይቱ ከጠራ ድነናል፤ ከነጣ ገና ያላገኘነው ቀዳዳ አለ። ሞተሩ ደህና በሆነ ጊዜም በየ100 ሰዓት ሥራ ወይም በየ6 ወሩ ዘይት መቀየር የብዙ ሞተሮች ደንብ ነው።

መካኒክ እስኪገኝ ድረስ የነጣውን ዘይት አፍስሶ በአዲስ መተካት ዝገቱን ያዘገያል። ውሃው በውስጡ እንዳለ ሞተሩን ለሳምንታት ማስቀመጥ ግን የባሰ ጉዳት ነው። አሮጌው ዘይት በዕቃ ይጠራቀም እንጂ ሐይቅ ውስጥ አይደፋ። የምንጠጣውም፣ ዓሣው የሚኖረውም በዚያው ውሃ ነው።

ጥያቄዎች

1. ውሃ ከዘይት ቀድሞ የሚንጠባጠበው ለምንድን ነው?
2. የመረብ ክር ሞተርን እንዴት ይጎዳል?
3. ዘይት ብቻ ቀይሮ መተው ለምን አይበቃም?