የጋራ ክፍል፣ የጋራ ሥራ፦ ከኢየሩሳሌም እስከ ሲኒማ ራስ

በጥርጣሬ የሚተያዩ ወገኖችን ልጆች ቴክኖሎጂና ንግድ አንድ ላይ ማስተማር መተማመንን ያመጣል ወይ? ጥያቄው በብዙ አገሮች ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። ከ80 በላይ ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች ልጆች በአንድ ገበያና በአንድ ዩኒቨርሲቲ በሚገናኙባት ኢትዮጵያም ጥያቄው አዲስ አይደለም። የእስካሁኑ ልምድ ለዚህ ሁለት ነገሮች እንደሚያስፈልጉ ያመለክታል። አንደኛው የመግቢያው በር ለሁሉም እኩል መከፈቱ ነው፤ ሁለተኛው ከገቡ በኋላ አንዱ ያለ ሌላው የማይጨርሰው ሥራ መኖሩ ነው። አንዱ ሲጎድል ሌላው ብቻውን አይበቃም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ የተለያዩ ወገኖች መገናኘታቸው ብቻ ጥላቻን እንደማይቀንስ አስረድቷል። ግንኙነቱ ፍሬ የሚያፈራው ተገናኞቹ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብና የትብብር ሥራ ሲኖራቸው፣ ሕግና ተቋምም ሲደግፋቸው ነው።

ይህን ሐሳብ በሥራ ከሞከሩት መካከል እ.ኤ.አ. በ2004 በኢየሩሳሌም የተጀመረው ሚት የተባለው ፕሮግራም ይጠቀሳል። ፕሮግራሙ ከአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር የእስራኤልና የፍልስጥኤም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በእኩል ቁጥር ይቀበላል። ተማሪዎቹ ለዓመታት በእንግሊዝኛ እየተማሩ ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍን፣ ቀጥሎም የንግድ ሐሳብ ማመንጨትን በተቀላቀለ ቡድን ይለማመዳሉ። የሚሰነዘርበት ነቀፌታ ግን ቀላል አይደለም። በክፍል ውስጥ እኩል የሆኑት ልጆች ከክፍል ውጭ እኩል አይደሉም፤ ከዌስት ባንክ የሚመጣው ተማሪ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የፍተሻ ኬላም ያልፋል። ብዙ ፍልስጥኤማውያን እንዲህ ያለው ፕሮግራም የእስራኤልን ወረራ ተራ ነገር ያስመስላል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የተቀሰቀሰው የጋዛ ጦርነትም የጋራ ትምህርትን ከባድ ፈተና ላይ ጥሎታል።

በኢትዮጵያ የተለያዩ ሕዝቦች ልጆች ንግድና ሙያ አብረው የሚማሩበት ትልቁ ስፍራ መደበኛ ትምህርት ቤት ሳይሆን የአዲስ አበባው ገበያ መርካቶ ነው። ገበያው የተቆረቆረው ለመለያየት ነበር። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የጣሊያን አስተዳደር የቀድሞው ገበያ የነበረበትን አራዳን ለነጮች ለማድረግ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረ። ከነጻነት በኋላ ግን መርካቶ ውስጥ በአሮጌው ሲኒማ ቤት ስም የሚጠራው ሲኒማ ራስና አካባቢው የጉራጌ፣ የስልጤ፣ የዶርዜ፣ የኦሮሞ፣ የአማራ፣ የትግራይና የሌሎችም ነጋዴዎች መገናኛ ሆነ። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጉርብትናም የዚሁ ምስክር ነው።

እዚህ መተማመን የሚገነባው በገንዘብ ነው። ለምሳሌ 20 አባላት ባሉት ዕቁብ እያንዳንዱ አባል በሳምንት 1,000 ብር ቢጥል በየሳምንቱ 20,000 ብር ለአንድ ሰው ይደርሳል። ዕጣ የወጣለት ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው፤ ቀሪውን ባይከፍል የዕቁቡ ዳኛ ዋሱን ይይዛል። ዋስ የሚሆነው ሰው ብዙ ጊዜ የሱቅ ጎረቤት ወይም ሸሪክ ነው፤ የእምነትና የትውልድ ልዩነት ውሉን አያፈርሰውም። በመርካቶው ምናለሽ ተራም አሮጌ በርሜል ወደ ምድጃ የሚለወጠው ብረት ሰብሳቢው፣ ቀጥቃጩና አከፋፋዩ ተቀባብለው ሲሠሩ ነው።

ይሁንና የመርካቶ በር ለሁሉም እኩል ክፍት አይደለም። ከገጠር የሚመጣ ልጅ ሱቅ በደረቴ ተሸክሞ ወይም ሊስትሮ ሆኖ ሊጀምር ይችላል፤ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ሙያ ለመማር ግን አብዛኛውን ጊዜ አጎት ወይም የአገሩ ልጅ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ንግዱ ወገን ቢያሻግርም የሙያው መግቢያ በዘመድ የታጠረ ነው።

ዩኒቨርሲቲው የዚህ ተቃራኒ ነው። መግቢያው በአገር አቀፍ ፈተና ነው፤ በምደባውም ብዙ ተማሪ ከተወለደበት ክልል ርቆ ይማራል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ከሚወስዷቸው ኮርሶች መካከል የአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች መግቢያና ሥራ ፈጠራ ይገኙበታል። በዚያው ዓመት ግን በበርካታ ግቢዎች ብሔርን መነሻ ያደረገ ግጭት ተነሥቶ የተማሪዎች ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤተሰቦቻቸው ተመለሱ። አንድ ኮርስ በአንድ አዳራሽ መከታተል የጋራ ትርፍና ኪሳራ አይፈጥርም፤ ተማሪው ፈተናውን ብቻውን ተፈትኖ፣ ምግቡን ከአገሩ ልጅ ጋር በልቶ ሊመረቅ ይችላል።

በመርካቶና በዩኒቨርሲቲው መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት የሚሞክሩ ጅምሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ የተመሠረተው አይስአዲስ ወጣት ፈጣሪዎችን በአንድ የሥራ ቦታ አገናኝቷል። የቴክኖሎጂ ኩባንያው አይኮግ ላብስ ያስተባበረው ሶልቭ አይቲ የተሰኘው ውድድር ደግሞ ከተለያዩ ከተሞች የመጡ ወጣቶች ለአካባቢያቸው ችግር የቴክኖሎጂ መፍትሔ ይዘው እንዲቀርቡ አድርጓል።

እንዲህ ያለው ሥልጠና ልዩነትን እንዲያሻግር ቅበላው በዘመድ ሳይሆን በግልጽ መስፈርት፣ ቡድኑ የተቀላቀለ፣ መነሻ ገንዘቡ የጋራ፣ ተጠያቂነቱም እንደ ዕቁብ ዋስ እርስ በርስ ሊሆን ይገባል። ጊዜውም ከጥቂት ሳምንታት ሊረዝም ይገባል፤ ሸሪክነት የሚፈተነው ኪሳራ ሲመጣ ነውና። የሥልጠናው ውጤትም በምረቃ ቀን ፎቶግራፍ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ አብረው በሚሠሩ ሰዎች ቁጥር ይለካል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ሥልጠና የፍትሕና የሰላም ምትክ አይሆንም። የኢየሩሳሌሙም የኢትዮጵያውም ልምድ እንደሚያሳየው ከግቢው ውጭ ያለው ሥርዓት የክፍሉን እኩልነት ካልጠበቀው ያፈርሰዋል።